የሕሙማን ሞኒተር ሞገዶችን በዲፕ ለርኒንግ ማመንጨት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሞኒተር አጠገብ ለሚውሉ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ለባዮሜዲካል ባለሙያዎች እና በዘርፉ የመመረቂያ ሥራ ለያዙ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ከወዲሁ፦ ከዚህ በታች «ጄኔሬተር» ሲባል ሞገድ የሚያመነጨው የዲፕ ለርኒንግ ሞዴሉ (ከብዙ ምሳሌ የሚማረው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ክፍል ነው። ግቢ ውስጥ የሚያጓራው የናፍጣው «የመብራት ጄኔሬተር» እየተባለ ይለያል። እሱም ግን ነገሩ ውስጥ እጁ አለበት፤ እንደርስበታለን።

ሞገድ ማመንጨት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሞኒተር ላይ ቁጥርና መስመር ይታያሉ። የልብ ምት 88፣ ኦክስጅን 95፣ ግፊት 120 በ80 የሚለው ቁጥሩ ነው። መስመሩ ደግሞ ቁጥሩ የተቀዳበት ምንጭ ነው፦ የኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ቅጂው) ሹል፣ ከጣት ፕሮቡ የሚመጣው የፒፒጂ (በብርሃን የሚለካ የደም ምት) ጉብታ፣ አርተሪያል ላይን (ደም ቅዳ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለገባለት ታካሚ የደም ግፊቱ ሞገድ፣ የትንፋሹ ከፍና ዝቅ። ሞዴሉ የብዙ ሺህ ሰዓት መስመር አይቶ ቅርጹን ይማራል፤ ከዚያ የማንም ያልሆነ፣ ግን የሰው የሚመስል አዲስ መስመር ይሥላል።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ኢሲጂ የሚሠራ የሒሳብ ሞዴል እስካሁን ያገለግላል፤ የልብ ምቱንና የሞገዱን ክፍሎች ስፋት ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ይሥላል። ልዩነቱ ያ በእጅ በተጻፈ ቀመር ሲሄድ ዲፕ ለርኒንጉ ግን ቅርጹን ከዳታው መልቀሙ ነው። ቀመሩ ያላሰበውን ዝርዝር ያመጣል፤ ዳታው ውስጥ ያለውን ጉድለትም አብሮ ያመጣል።

ለምን ይጠቅመናል?

ለነርሶች ማሠልጠኛ የሚሆን ሞገድ ለማዘጋጀት፣ አዲስ የአላርም ሶፍትዌር በታካሚ ላይ ሳይሞከር ለመፈተን፣ በተነቀለ ኤሌክትሮድ ምክንያት የጎደለ ቅጂን ለምርምር ለመሙላት፣ በጥቂቱ ብቻ የሚገኙ የልብ ምት መዛባቶችን ለማብዛት። አንድ ቦታ ላይ ግን አይገባም፦ የታካሚ አልጋ ራስጌ ባለው ስክሪን ላይ። ፕሮቡ ሲወልቅ መስመሩ መጥፋት አለበት፤ ሞዴሉ ሞልቶ ካሳየ ነርሷ የወለቀውን ፕሮብ አታውቅም።

የራሳችን ቅጂ ከሌለን ከየት እንጀምር?

ለጀማሪ የሚመቸው የቢድኤምሲ የፒፒጂና የትንፋሽ ስብስብ ነው፤ 53 ቅጂ፣ እያንዳንዱ 8 ደቂቃ፣ በሰከንድ 125 ናሙና። ትንሽ ስለሆነ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቀንም ይወርዳል። ለኢሲጂ ብቻ ፒቲቢ ኤክስኤል አለ፤ ከ21 ሺህ በላይ ባለ 12 ሊድ (ልብን ከ12 አቅጣጫ የሚያይ) ቅጂ፣ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ፣ በ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ናሙና)። ብዙ መስመር በአንድ ላይ የሚፈልግ ወደ ቪታልዲቢ ይሂድ፤ ሴኡል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የተቀዳ የ6,388 ታካሚ ስብስብ ነው። የቦስተኑ ሚሚክ 3 የሞገድ ስብስብ በጣም ትልቅ ነውና ሙሉውን ለማውረድ አትነሡ፤ የምትፈልጉትን መዝገብ እየመረጣችሁ ውሰዱ። ኤምአይቲ ቢአይኤች የሚባለው የልብ ምት መዛባት ስብስብ 48 ቅጂ ብቻ፣ በ360 ኸርዝ ነው፤ አርጅቷል፣ ግን እያንዳንዱ ምት በባለሙያ ተለይቶ የተሰየመ ስለሆነ አሁንም ዋጋ አለው።

በቦስተንና በሴኡል ዳታ የሠለጠነ ሞዴል እዚህ ይሠራል?

በከፊል። ልብ የትም ልብ ነው፤ የኢሲጂው መሠረታዊ ቅርጽ አይለወጥም። የሚለወጠው በልቡና በስክሪኑ መካከል ያለው ነገር ሁሉ ነው።

በመብራቱ እንጀምር። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካና የኮሪያ 60። በእነሱ ዳታ የሠለጠነ ሞዴል የ60 ኸርዝ ንዝረት የኢሲጂ አካል መስሎት ቀጭን ጸጉር አድርጎ ይሥለዋል፤ እኛ ክፍል ያለውን 50ውን ግን አይቶት አያውቅም። ከዚህ የባሰ ስህተት አለ። እዚህ በ500 ኸርዝ የተቀዳን ኢሲጂ ከውጭው ዳታ ጋር ለማመሳሰል ከየአራቱ ናሙና አንዱን ብቻ በመውሰድ ወደ 125 የሚያወርዱ አሉ። የ50 ኸርዙ ተከታዮች፣ ማለትም የ100 እና የ150 ኸርዝ ንዝረቶች፣ ሁለቱም ታጥፈው 25 ኸርዝ ላይ ይወድቃሉ። 25 ደግሞ የኢሲጂው ሹል የሚኖርበት ሠፈር ነው። እስከ 40 የሚያሳልፍ ማጣሪያ 50ውን ያዳክመዋል፤ 25 ላይ የወደቀውን ግን ሹሉን ሳይጎዳ የሚያወጣው የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ከ50 ኸርዝ በታች ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ አጥሩ፣ ከዚያ ናሙናውን ቀንሱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዳታው ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሲገባ ደረት ያልባል፤ ኤሌክትሮድ ይላቀቃል። ተከፍቶ የተቀመጠ ፓኬት ውስጥ ያለ ኤሌክትሮድም ጄሉ ይደርቃል። ውጤቱ ከትንፋሽ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቅ መስመርና ድንገተኛ ዝላይ ነው። በአየር ማቀዝቀዣ ክፍል የተቀዳ ዳታ ይህን እምብዛም አያሳይም፤ ስለዚህ በእሱ የሠለጠነው ጄኔሬተር የሚያመነጨው ሞገድ ከሚገባው በላይ ንጹሕ ነው። በንጹሕ ሞገድ የተፈተነ የአላርም ሶፍትዌር ደግሞ ዋርድ ውስጥ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።

ሦስተኛው ጣት ነው። ፕሮቡ 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቀይ ብርሃንና 940 አካባቢ ያለውን ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ሐረር ላይ የሙሽራ ወይም የአራስ ጣት በሂና ተሞልቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። ቀይ ሂና ብዙ አያስቸግርም፤ ጥቁሩ ግን ብርሃኑን ሊይዘው ይችላል፣ ሞገዱም ይሳሳል። ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ መጠቀም ይሻላል፤ ለዳታ ከሆነ ደግሞ ሂና ነበረ ወይም አልነበረም የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። የቆዳ ቀለምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ፕሮቡ ከ92 እስከ 96 በሚያነብበት ጊዜ እውነተኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ነበር። የነጭ ታካሚ በበዛበት ዳታ የተማረ ሞዴል ይህንን ስህተት ሳይታወቀው ይወርሳል።

አራተኛው፣ የሚዘነጋው፣ ጫት ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከሰዓት በኋላ ቅሞ የመጣ ሰው ምቱ 110 ቢሆን የግድ ታሞ አይደለም። ሞዴሉን «ምት ከ100 በላይ» በሚል ምልክት ብቻ የምታዙት ከሆነ ጫት የቃመውንና የታመመውን አንድ ያደርጋቸዋል። ከፍታም አለ፦ ቦስተንም ሴኡልም ለባሕር ወለል የቀረቡ ናቸው፣ ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። የጤነኛ ሰው ኦክስጅን ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢታይ አያስደንቅም።

ስለዚህ አካሄዱ ይህ ነው፦ በውጭው ዳታ አሠልጥኑ፣ ከዚያ እዚሁ በተቀዳ ጥቂት ሰዓት ቅጂ መልሳችሁ አስተካክሉት። 20 ወይም 30 ታካሚ እንኳ ልዩነት ያመጣል፤ ዋናው የታካሚው ብዛት እንጂ የሰዓቱ አይደለም።

ከሞኒተር ሞገዱን እንዴት እናወጣለን?

እንደ ሞኒተሩ ሞዴል ይለያያል። አንዳንዱ በኔትወርክ ገመድ፣ አንዳንዱ በጀርባው ባለ ሲሪያል ወደብ ይልካል፤ ሌላው በፍላሽ የሚሰጠው ቁጥሩን ብቻ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ የሚወጣው ፋይል በሰከንድ ስንት ናሙና አለው? በደቂቃ አንድ ከሆነ ይህ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፣ ሞገድ አይደለም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን በሰዓት ነው። ነርሷ «ከጠዋቱ 3፡20 ላይ ግፊቱ ወረደ» ብላ ትጽፋለች፤ የሞኒተሩ ሰዓት 09፡20 ይላል። የ6 ሰዓት ልዩነቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ኮድ ውስጥ ማስገባቱ ግን ይረሳል። የሌሊት ተራ ላይ ይብሳል፦ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት በሞኒተሩ ከቀኑ ለውጥ በኋላ 02፡00 ነው፤ ነርሷ የምትጽፈው ቀን ያመሸችበትን ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የውስጥ ባትሪው የሞተ ሞኒተር ሰዓቱን ወደ ፋብሪካው ቀን ይመልሳል። በየተራው መጀመሪያ የሞኒተሩን ሰዓትና የስልክን ሰዓት በአንድ ፎቶ ማንሣት (የታካሚ ስም እንዳይገባ) ይህን ሁሉ ጣጣ ይቆርጣል።

ደግሞ የግፊት ካፉን ፕሮቡ ካለበት እጅ ላይ አታስሩ። ካፉ ሲነፋ የፒፒጂው መስመር ይተኛል፤ በየ15 ደቂቃው የሚለካ ከሆነ በየ15 ደቂቃው ባዶ ቦታ ይኖራል፣ ሞዴሉም ይህን የልብ ጠባይ አድርጎ ይማረዋል።

ዳታውን ለሥልጠና እንዴት እናዘጋጅ?

ኢሲጂን ከ0.5 እስከ 40 ኸርዝ፣ ፒፒጂን ከ0.5 እስከ 8 ኸርዝ አሳልፉ፤ 4ኛ ደረጃ ባተርወርዝ ማጣሪያ፣ ወደፊትና ወደኋላ ተነድቶ ሞገዱ በጊዜ እንዳይንሸራተት። የደም ግፊት ሞገድን የታችኛውን ድግግሞሽ አትቁረጡ፤ 120 እና 80 የሚሉት ቁጥሮች ያሉት እዚያ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ግፊትን በየመስኮቱ (ለሞዴሉ በሚሰጠው በየአጭሩ የሞገድ ቁራጭ) አታመጣጥኑ። ቋሚ መለኪያ ተጠቀሙ፦ 150 ቀንሱ፣ በ150 አካፍሉ። ገደቡን 200 ላይ ካደረጋችሁት ግፊቱ 220 የደረሰ ታካሚ አናቱ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ፒፒጂ ግን የሞኒተሩ ራሱን አስተካካይ ቁመቱን ስለሚቀያይረው በየመስኮቱ ቢመጣጠን ጉዳት የለውም።

በ125 ኸርዝ 1,280 ናሙና ያለው መስኮት 10.24 ሰከንድ ነው፤ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲካፈል 40 ላይ ስለሚያርፍ ለዩኔት (ሞገዱን ደረጃ በደረጃ አጥብቦ መልሶ ለሚያሰፋ የሞዴል ዓይነት) ይመቻል። ሦስት መስመር ያለው አንድ መስኮት 15,360 ባይት ይይዛል፤ 100,000 መስኮት 1.5 ጊጋባይት ገደማ፣ በሰዓት ሲቆጠር 284። ሙት መስመርና ጣሪያ የነካ መስመር አውጡ፤ የተዋዠቀውን ግን ሁሉንም አትጣሉ፣ ከላይ የተባለው የድሬዳዋ ሙቀት ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ክፍፍሉ በታካሚ ይሁን። የአንድ ሰው መስኮቶች ግማሹ ማሠልጠኛ፣ ግማሹ መፈተኛ ውስጥ ከገቡ ውጤቱ ያምራል፤ ውሸት ግን ነው።

የትኛውን ሞዴል እንምረጥ?

ጋን (እ.ኤ.አ. 2014፤ አንዱ ክፍል እያመነጨ ሌላው እየዳኘ የሚማር) ፈጣን ነው፣ ግን ለማሠልጠን ነጭናጫ ነው፤ አንድ ዓይነት ምት ካገኘ እሱኑ እየደጋገመ ሌላውን ይተዋል። ቪኤኢ (ሞገዱን ወደ ጥቂት ቁጥሮች ጨምቆ መልሶ የሚሥል) የተረጋጋ ነው፣ ሹሉን ግን ያደበዝዛል፤ የኢሲጂው ጫፍ የዶለዶመ እርሳስ ይመስላል። አሁን ለጀማሪም የምንመክረው ዲፊውዥን (እ.ኤ.አ. 2020) ነው። ሞገዱ ላይ ደረጃ በደረጃ ኖይዝ (የዘፈቀደ ንዝረት) እየጨመረ ያበላሸዋል፣ ከዚያ ወደኋላ ማጽዳትን ይማራል። መነሻ ቁጥሮች፦ 1,000 የኖይዝ ደረጃ፣ ባለ አንድ ልኬት ዩኔት፣ ባች (በአንድ እርምጃ የሚታዩ መስኮቶች) 64፣ የመማር ፍጥነት 0.0002፣ የክብደቶቹ (ሞዴሉ የተማራቸው ቁጥሮች) ተንከባላይ አማካይ በ0.999። ሲያመነጭ 50 ደረጃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። መስመሮቹን በአንድ ላይ አሠልጥኑ፤ ለየብቻ ከተመነጩ ኢሲጂው 90፣ ፒፒጂው 84 ይመታል።

ጋን የምትጠቀሙ ከሆነ የተመነጨውን ሞገድ የድግግሞሽ ስዕል እዩ። 31.25 ወይም 62.5 ኸርዝ ላይ ቀጥ ያለ ሹል ካለ ከልብ አልመጣም፤ ሞገዱን በሚያሰፋው ንብርብር ውስጥ ማጣሪያዎች ሲደራረቡ የፈጠሩት ጥልፍ ነው። የማጣሪያውን ርዝመት በእርምጃው የሚካፈል አድርጉ፣ ለምሳሌ እርምጃው 2 ከሆነ ርዝመቱ 4፤ አለዚያ መጀመሪያ አስፍታችሁ ከዚያ ተራ ኮንቮሉሽን ተጠቀሙ።

ትልቅ ኮምፒውተር የለንም፤ መብራትም ይጠፋል።

ይህን የሚያህል ሞዴል ጉግል ኮላብ ላይ በነጻ በሚገኘው ጂፒዩ (ለእንዲህ ያለ ስሌት የሚፈጥን ፕሮሰሰር) ይሠለጥናል። ሞዴሉን በየ1,000 እርምጃው አስቀምጡ፤ የሞዴሉን ክብደት ብቻ ሳይሆን የኦፕቲማይዘሩንም (ክብደቶቹን የሚያስተካክለው ስልት) ሁኔታ ጭምር፣ አለዚያ ሲቀጥል ስህተቱ ድንገት ይዘላል። ፋይሉን በሌላ ስም ጽፋችሁ ከዚያ ስሙን ቀይሩ፤ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ የቀደመው እንዳይበላሽ። ላፕቶፕ ላይ የምታሠለጥኑ በድሬዳዋ ቀትር አትሞክሩት፤ ጂፒዩው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሌሊት ግን ደህና ይሄዳል።

የመብራት ጄኔሬተሩ ነገር እዚህ ይገባል። ከመስመር ወደ መብራት ጄኔሬተር ሲቀየር በቅጂው ላይ ዝላይ ይኖራል፤ ጫና ሲበዛበትም ድግግሞሹ ከ50 ፈቀቅ ይላል፣ በ50 ላይ ብቻ የቆመ ጠባብ ማጣሪያም ሳይይዘው ይቀራል። የተቀየረበትን ሰዓት መዝግቡ።

የተመነጨው ሞገድ ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ዓይን ይታለላል። አንድ መስኮት አውጥታችሁ ቁጠሩ፦ የልብ ምቱ 88 እንዲሆን ከታዘዘ በ10.24 ሰከንድ ውስጥ 15 ሹል መኖር አለበት። ከእያንዳንዱ ሹል በኋላ አንድ የጣት ጉብታ ይከተላል፤ መነሻው ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.3 ሰከንድ ውስጥ ነው። ጉብታው ከሹሉ ከቀደመ ሞዴሉ ልብና ጣትን አላገናኘም ማለት ነው። (ያለ ጊዜው የመጣ ምት ጉብታ ሳያሳይ ቢቀር ግን ትክክል ሊሆን ይችላል።) ግፊቱ ሲወርድ በመሃል ትንሿ ሰርጓዳ መታየት አለባት፤ የአኦርታ ቫልቭ የሚዘጋባት ናት፣ ያደበዘዘ ሞዴል መጀመሪያ የሚያጠፋውም እሷን ነው።

ከዚያ ዋናው ፈተና፦ የአላርም ወይም የምት መለያ ሞዴል በተመነጨው ብቻ አሠልጥኑ፣ በእውነተኛ ታካሚዎች ፈትኑ። በእውነተኛው ከሠለጠነው ምን ያህል እንደሚርቅ ያ ይነግራችኋል። በመጨረሻም የተመነጨውን ከማሠልጠኛው ጋር እያንሸራተታችሁ አወዳድሩ፤ አንድን ታካሚ ቀድቶ የሚያወጣ ከሆነ ያ መፍጠር አይደለም፣ ኮፒ ነው።

የ10 ሰከንድ መስኮት የማያስተምረው ነገርም አለ። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው በዚያ ውስጥ የሚተነፍሰው ሁለት ጊዜ ተኩል ነው። የልብ ምት ከትንፋሽ ጋር የሚፈጥነውንና የሚዘገየውን ለማሳየት መጀመሪያ የምቶቹን ርቀት ለ5 ደቂቃ ያህል በሌላ ትንሽ ሞዴል አውጡ፣ ከዚያ በየምቱ ላይ ቅርጹን ሥሩ።

ከጣት ፕሮብ የደም ግፊት ሞገድ ማውጣት ይቻላል?

ቅርጹን አዎ፣ ቁጥሩን በጥንቃቄ። የካፍ አልባ ግፊት ጽሑፎች ውስጥ የሚታየው ያማረ ውጤት ብዙው ከላይ የተባለው የታካሚ ክፍፍል ስህተት አለበት። የተለመደው መስፈርት ቢያንስ 85 ሰው፣ አማካይ ስህተት ከ5፣ የስህተቱ ስርጭት ከ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያልበለጠ ይላል። ለማንም ሰው 120 በ80 የሚል ሞዴልም በጤነኞች መካከል ያን ያህል አያሳፍርም፤ ስለዚህ ከዚያ ደደብ ሞዴል ጋር አወዳድሩ። ግፊቱ ወደ 70 በወረደ ታካሚ ላይ ያልተፈተነን ነገር ዋርድ አታስገቡ።

የቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን (የልብ የታችኛው ክፍል ያለ ሥርዓት የሚንቀጠቀጥበት መዛባት) ቅጂ ያለን ከ6 ታካሚ ብቻ ነው። 10,000 ብናመነጭስ?

10,000 መስኮት ይኖራችኋል፣ ታካሚው ግን አሁንም 6 ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። የተወሰነ ጥቅም አለው፦ የአላርሙ ሞዴል በኖይዝና በቁመት ልዩነት እንዳይደናገጥ ያደርገዋል። አዲስ ዓይነት መዛባት ግን አይወልድም። ከክፍት ስብስቦቹ እውነተኛውን ጨምሩ፤ የተመነጨው ከእውነተኛው እጥፍ እንዳያልፍ ጀምሩና በእያንዳንዱ ጭማሪ በእውነተኛ ታካሚ ፈትኑ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለታካሚ ቅጂ ሁልጊዜ። መጀመሪያ የተቋማችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፤ ሐረር ላይ ለሚሠሩ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ኮሌጅ የራሱ ገምጋሚ አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል፤ ዳታውን ወደ ውጭ አገር ሰርቨር መጫንም ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ኮላብ ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ በክፍቱ ዳታ ኮላብ ላይ አሠልጥኑ፣ የታካሚውን ቅጂ ግን እዚሁ ባለ ማሽን ላይ። ምርቱ ሕክምና ላይ የሚውል ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ይሆናል።

ፋይሎቹን እንዴት እንሰይም?

የእያንዳንዱ ፋይል ስም «የተመነጨ» በሚል ቃል ይጀምር፤ ውስጡም የሞዴሉ ስሪት፣ የማሠልጠኛው ዳታ፣ የታዘዘው የልብ ምትና ግፊት ይጻፍ። ለማሠልጠኛ የሚታተም ወረቀት ከሆነ ቃሉ በሞገዱ ላይ ይታተም እንጂ ከገጹ ግርጌ አይሁን፤ ግርጌው ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይቆረጣል።